ካርቶን ውስጥ የሚቀሩ ትራክተሮች፦ የድሮ የጓሮ ትራክተር ስናድስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የትራክተሩን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ግን ትራክተር የለም። 11 ካርቶን፣ ሁለት ባልዲ ብሎን፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ኮፋኖና አራት ጎማ ነው ያለው። «ከየት ልጀምር?» ይላል። ይኸው ትራክተር ከሁለት ወር በፊት ከሻጩ ግቢ የወጣው በራሱ ሞተር እየተነዳ ነበር። በጣም አዘንኩ። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

የጓሮ ትራክተር ስል ሣር ብቻ የሚያጭደውን የዛሬውን ማሽን ማለቴ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት፣ ሣር ከማጨድ አልፈው የሚያርሱና በረዶ የሚጠርጉ ትንንሽ ትራክተሮች ናቸው። አባትና ልጅ የሆኑት ኤልመርና ሴሲል ፖንድ እ.ኤ.አ. በ1946 ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ ላይ የጀመሩት ዊል ሆርስ አለ። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ያወጣው ከብ ካዴት አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጣው ጆን ዲር 110 አለ። ብረታቸው ወፍራም ነው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ኬ የሚባለው የኮህለር ሞተር ሲሊንደሩ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። 60 ዓመት አልፏቸው ዛሬም የሚነሱት ለዚህ ነው። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ዕድሜ ሳይሆን እኛ ነን።

የሚሠራን ትራክተር መበታተን

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ትራክተሩን ይገዛል፣ ቤት ያደርሳል፣ በማግስቱ መፍቻ ያነሳል። እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ይፈታዋል። የመፍታት ሥራ ደስ ይላል፤ ቶሎ ይሄዳል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያኔ መግጠም ይጀመራል።

የተገጠመ ማሽን ይናገራል። አስነስታችሁ ስትነዱት የትኛው ማርሽ እንደሚያመልጥ ይነግራችኋል። ዘይት ከየት እንደሚያፈስ፣ መሪው የት ላይ እንደላላ፣ ፍሬኑ ወደ የት እንደሚስብ፣ ጭሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ፈትታችሁ ካርቶን ውስጥ ከከተታችሁት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። ደህናውንም የተበላሸውንም አንድ ላይ ታድሳላችሁ፣ ገንዘባችሁም ትዕግሥታችሁም ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከዓመታት በፊት እኔም ተፈትቶ ካርቶን ውስጥ የተሞላ ትራክተር ገዝቼ ነበር። ባለቤቱ የፈታው «ልጄ ትንሽ ከፍ ሲል አብረን እንገጥመዋለን» ብሎ ነው። እኔ ስገዛው ልጁ አግብቶ ወልዶ ነበር። ሰውዬው ጥንቁቅ ነው፤ እያንዳንዱን ከረጢት በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ግን ከረጢቶቹ ውስጥ የነበረው ዘይት ጽሑፉን አጥፍቶታል። የፊት አክሰሉ ላይ የሚገቡት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ስንት እንደነበሩና በየትኛው በኩል እንደሚገቡ ለማወቅ ብቻ ሦስት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ረጅም ብሎን አጭር ቀዳዳ ውስጥ ከትቼም የማርሽ ሳጥኑን ቤት ሰነጠቅኩት። ያ ብሎን ሲፈታ እዚያው ቀዳዳው ላይ በእጅ ተመልሶ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ንዱት። ዘይቱን ቀይሩ፣ ፍሬኑን አረጋግጡ፣ ለጥቂት ሳምንታት አሠሩትና ያያችሁትን ሁሉ መዝግቡ። ከዚያ በክፍል በክፍል ሂዱ። የፊቱን አክሰል ፍቱ፣ ጠግኑ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ከዚያ ወደ መሪው እለፉ። ትራክተሩ በማንኛውም ቀን ከሁለት ቅዳሜ ሥራ በኋላ መነሳት መቻል አለበት። እያንዳንዱን ክፍል ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ሽቦዎቹን ደግሞ ከሦስት አቅጣጫ።

ቀለምን ማስቀደም

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ሞተሩ ዘይት እያፈሰሰ የተቀባ ትራክተር በወሩ ቀለሙ ይላጣል። ሳትቀቡት በፊት ደግሞ በሳሙናና በውሃ በደንብ እጠቡት። ከቆሻሻው ሥር የፋብሪካው ቀለምና ጽሑፍ ደህና ሆኖ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። እንደዚያ ያለውን እኔ አልነካውም። ዝገቱን አቁሜ፣ ዘይት ነገር ቀብቼ እንዳለ እተወዋለሁ። ለእኔ አዲስ ከተቀባው የበለጠ ያምራል።

ሌላው፣ የተገጠመ ሞተርን በአሸዋ ግፊት አታጽዱ። ቀዳዳውን ሁሉ በፕላስተር ብትደፍኑትም አሸዋው መግቢያ አያጣም። አንዴ ከገባ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

መዶሻና ቮላኖ

ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባዱ ክብ ብረት፣ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ) ላይ በሾጣጣ አንገት ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ዳዶውን ፈታሁ፣ አልወጣም አለ፣ የክራንክሻፍቱን ጫፍ በመዶሻ መታሁት። ጥርሱ ተደፈጠጠ። ቮላኖውን ከኋላ በፌሮ ስፈነቅለው ደግሞ ሁለት የማራገቢያ ክንፎች ተሰበሩ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ታግዬ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አበላሸሁ።

ፑለር፣ ማለትም በብሎን እየጎተተ የሚነቅል መሣሪያ፣ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ተዋሱ። ፑለሩን ወጥራችሁ ካልወጣ ለሊቱን እንደተወጠረ ተዉት። የኋላ ጎማ ሀብም እንዲሁ ነው። ዘይት አጠጡት፣ አሙቁት፣ ጠብቁት። የተሰነጠቀ ቮላኖ ደግሞ በጭራሽ አትመልሱ። እነዚህ ሞተሮች በደቂቃ እስከ 3,600 ዙር ይዞራሉ። በዚያ ፍጥነት የሚፈነዳ ብረት እግራችሁ አጠገብ ነው ያለው።

የተጣበቀን ሞተር በሞተሪኖ (በማስነሻው) ማስገደድ

አታድርጉት። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አውርዱ፣ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅላችሁ ፒስተኑ ላይ አፍስሱ፣ ከእሳት አርቁት። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያ እንጨት አስደግፋችሁ በቀስታ ንኩት። ስምንት ሳምንት ጠብቄ የከፈትኩት ሞተር አለኝ፤ ፋሻዎቹ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ እንኳን አልተሰበሩም።

«ኮምፕሬሽን የለውም» ብሎ ሞተር መክፈት

ይህን ምክር በየቦታው እሰማለሁ፤ ብዙ ደህና ሞተር አስፈትቷል። ሰውዬው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ መለኪያውን ይሰካል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያየዋል፣ «ፋሻው አልቋል» ይባላል። የኮህለር ኬ ሞተር ግን ኮምፕሬሽን የሚቀንስ መሣሪያ ካምሻፍቱ ላይ አለው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የጭስ ቫልቩን በትንሹ ከፍቶ ይይዘዋል፤ ይህም በቀላሉ እንዲነሳ ነው። ፍጥነት ሲያገኝ ይለቀዋል። ስለዚህ በሞተሪኖ ስትለኩት ዝቅተኛ ቁጥር ማየታችሁ የሚጠበቅ ነው።

የካንዴላውን ሽቦ ነቅላችሁ የሞተሩን ብረት አስነኩት፣ ከዚያ ቮላኖውን በእጃችሁ ወደ ኋላ፣ ከወትሮው በተቃራኒ አዙሩት። ወደ ኋላ ሲዞር መሣሪያው አይሠራም። እጃችሁን መልሶ በኃይል ከገፋ ኮምፕሬሽን አለ፤ ሞተሩን ተዉት።

አልነሳ ካለ ደግሞ ካርቡሬተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፑንቲናውን፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ መገናኛ፣ እዩ። ዓመታት የቆመ ትራክተር ላይ ፑንቲናው ይሻግታል። አጽዱትና ክፍተቱን 0.020 ኢንች፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር አድርጉት። አንድ ጊዜ ሦስት አዲስ ካርቡሬተር የተቀየረለት ትራክተር መጣልኝ። በአንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ተነሳ። ካርቡሬተሩ በእርግጥ ከቆሸሸም ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ አትንኩ።

ቢዬላውን ችላ ማለት

ሞተሩ የግድ መከፈት ካለበት፣ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ሥራ አይደለም። የኬ ሞተር ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ አልሙኒየም ነው። በመካከሉ የሚቀየር ብሮንዝ የለም፤ አልሙኒየሙ ራሱ ክራንክሻፍቱ ላይ ይሽከረከራል። ክራንክሻፍቱ ሞላላ ከሆነ ወይም ከተጫረ አዲሱም ቢዬላ አይበረክትም። አስለኩት። ካስፈለገ በማሽን ይፋቅና 0.010 ኢንች ያነሰው ቢዬላ ይገባለታል። ብሎኖቹን መመሪያው ባለው ልክ በቶርክ መፍቻ እሰሩ፣ በስሜት አትሰሩ።

ዘይቱንም ተመልከቱ። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ የላቸውም። ቢዬላው ሥር ያለች ትንሽ ማንኪያ ናት ዘይቱን እየረጨች የምታዳርሰው። ዘይቱ ጎድሎ ዳገት ላይ የቆየ ሞተር ማንኪያዋ አየር ትቀዝፋለች። ቢዬላው ሲሰበር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ግድግዳ ቀዶ ነው የሚወጣው። ለፍጥነት ብለው የሞተሩን ዙር የሚገድበውን ገቨርነር የሚነካኩትም መጨረሻቸው ይኸው ነው።

ከ10 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ብዙ ኬ ሞተሮች ውስጥ ንዝረት የሚቀንሱ ሁለት ባለጥርስ ጎማዎች አሉ። ኩሽኔታቸው ሲያረጅ ተሰብረው ሞተሩን ይጨርሱታል። ሞተሩን ከከፈታችሁ አይቀር አውጧቸው። ንዝረቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ሞተሩ ግን ይቆያል። ፋብሪካው ያስገባው አይወጣም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፣ አከብራቸዋለሁ። እኔ የተቀደዱትን ሞተሮች በእጄ ይዣለሁ።

ያገኙትን ዘይት መጨመር

በሃይድሮሊክ የሚነዳ ትራክተር ካላችሁ መመሪያው ያዘዘውን ብቻ ጨምሩ። ከብ ካዴት ሃይ ትራን ይላል፣ ሌላው የሞተር ዘይት ይላል፣ ሌላው ሌላ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳትነዱት ቀይሩት። ሞተሩ የማይሠራን እንዲህ ያለ ትራክተር ደግሞ መልቀቂያ ቫልቩን ሳትከፍቱ አትጎትቱ።

በኤሌክትሪክ ዝገት ማስለቀቅ

ግሩም ዘዴ ነው። ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀርና ቁራጭ ብረት ይበቃል። ዝገት ያለበት ዕቃ ሁልጊዜ ከኔጌቲቩ ጋር ነው የሚያያዘው። ገልብጣችሁ ካያያዛችሁት የሚበላው ዕቃችሁ ነው። አልሙኒየም አታስገቡ፣ ይሟሟል። ለቁራጭ ብረቱ የማይዝግ ብረት አትጠቀሙ፤ መርዘኛ ክሮሚየም ያወጣል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ደጅ ሥሩ፣ እሳት አታስጠጉ።

በክሪክ ብቻ ከተነሳ ትራክተር ሥር አትግቡ።

ሰዎቹን በተመለከተ

ይህን ሙያ ለብቻዬ አልተማርኩትም። በየዓመቱ አንድ ማሳ ላይ ተሰባስበው በእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች የሚያርሱ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ያወቅሁት እዚያ ከእነሱ አጠገብ ቆሜ ነው። የማያውቁትን ሰው ጉዳይ ለመፍታት የራሳቸውን ትራክተር ከፍተው ይለካሉ። ስለዚህ አንድ ሁለት ነገር ልለምናችሁ።

ስትጠይቁ የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። «ቀዩ ዊል ሆርሴ አልነሳ አለ» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ ዊል ሆርስ ሁሉ ቀይ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበትን ሳህን ቀለም አትቀቡበት፣ አትፈቅፍቁት። ሙሉ የሆነን ትራክተር ደግሞ መለዋወጫው ለየብቻ ሲሸጥ ያዋጣል ብላችሁ አትበትኑት። የተበላሸውንማ በትኑት፤ የእኔም ግማሹ የመጣው ከእንደዚያ ነው። ሙሉውን ግን ለሚያቆየው ሰው ስጡ።

ችግራችሁ ሲፈታ ደግሞ ተመልሳችሁ ምን እንደነበር ተናገሩ። ስንት ጊዜ የእኔኑ ችግር የጠየቀ ሰው አግኝቼ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳይናገር ጠፍቶብኛል። ቀጣዩ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የባለ 11 ካርቶኑን ሰው በመጀመሪያ ያዘዝኩት የሞተሩን ቁጥር እንዲፈልግ ነው። ትናንት ማታ ላከልኝ። ኬ301 ነው፣ 12 የፈረስ ጉልበት። ቮላኖው በእጅ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ሲያዞረውም እጁን መልሶ ይገፋዋል። ሞተሩን እንዳይከፍተው ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ከፊት አክሰሉ አብረን እንጀምራለን።