የዶሮ መኖ እንደ ሊጥ ሲቦካ

ጓሮ ውስጥ ጥቂት ዶሮ ያላችሁ፣ መኖውን ደረቁን ከመስጠት አቡክታችሁ ሞክሩት። እኔ ያለሁት አዳማ ነው። ግማሹን ዱቄት ነፋሱ ይወስደው ነበር፤ የቀረውን ዶሮዎቹ ጭረው ይበትኑታል። እርጥብ ሲሆን ግን ጠርገው ይበሉታል።

መኖውን የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጉና ውሃ ጨምሩበት፤ ውሃው ከመኖው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። የብረት ዕቃ ይቅርባችሁ፣ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ ይበላዋል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ መኖው ላይ ከመጨመራችሁ በፊት ክፍቱን አሳድሩት፤ ውስጡ ያለው ክሎሪን ካልወጣ ማቡካቱን ያዳክማል። በጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ በቀን ሁለቴ አማስሉ። ብዙ ጊዜ 3 ቀን ይባላል፤ በእኛ ሙቀት ግን 2 ቀን ይበቃዋል።

አረፋ አውጥቶ እንደ እርጎ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካመጣ ደርሷል። ሻጋታ ካበቀለ ወይም ከከረፋ ሳትሳሱ ድፉት። የእንጀራ ሊጥ የሚያቦካ ሰው እዚህ ላይ አስተማሪ አያስፈልገውም፣ አፍንጫው ይበቃል።

ስትሰጡ ውሃውን አጥልሉት። እሱን ደግሞ አትድፉት፤ ለቀጣዩ እርሾ ይሆናል። በአንዴ የሚጨርሱትን ብቻ አውጡ፣ የተረፈው ዝንብ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ ካኮረፉ ከደረቁ ጋር ቀላቅሉላቸው። የእኔዎቹ አንድ ቀን ብቻ ነው ያኮረፉት።