በጡረታ ዘመን ጠጅ ጥሎ ወዳጅ መጋበዝ፦ ከማሩ ግዢ እስከ ብርሌው

ጠጅ በየቀኑ ከፍቶ የሚያየውና የሚያሸትተው ሰው ይፈልጋል። ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ይህ አይመችም። ጡረታ ለወጣ ሰው ግን ከዚህ የሚሻል የእጅ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል፤ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፣ ወሩ ሲሞላ ደግሞ ወዳጅ የሚጠራበት ምክንያት ይሆናል። ማሩን ሰበብ አድርጎ አንድ ጉዞ ማከልም ይቻላል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በልኩ ነው። ጠጅ ሲባል ሠርግ ስለሚታወሰው በትልቅ ጋን ይጀምራል። ጋኑን ብቻውን ማንሳት ያቅተዋል፤ ቢበላሽበትም የሚደፋው ብዙ ማር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ኪሎ ማር፣ 7 ሊትር ውሃና 150 ግራም የእንጨት ጌሾ ይበቃል። ሰፈፉና ዝቃጩ ከወጣ በኋላ 7 ሊትር ገደማ ይተርፋል፤ ይህም ለአሥር ሰው ሁለት ሁለት ብርሌ ያህል ነው። ብርሌ ሁሉ አንድ ልክ ስላልሆነ የራስዎን አንድ ጊዜ በውሃ ሞልተው ይለኩ። ማር ከውሃ ስለሚከብድ 2 ኪሎው ወደ 1.4 ሊትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ልኩ በስፍር አንድ እጅ ማር ለአምስት እጅ ውሃ ነው። አንድ ለሦስት የሚጥሉ አሉ፤ እሱ ጣፋጭና ከባድ ይሆናል፣ ስኳር ለሚፈሩ እንግዶችም አይመከርም።

ግብዣው ሊሆን ከታሰበበት ቀን 30 ቀን ወደኋላ ቆጥረው ይጀምሩ። ክረምት ከሆነ ወይም ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ አሥር ቀን ይጨምሩ።

ማሩ

የሚፈለገው እሳት ያልነካው፣ ከነሰፈፉ ያለ ማር ነው። ጠጁን የሚያብላላው እርሾ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ላይ የሚመጣ የተፈጥሮ እርሾ ነው፤ ማሩ በእሳት ከተጣራ ይሞትና ጠጁ ለመነሳት ይዘገያል። ማር መርጋቱ ስኳር ተጨምሮበታል ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ክብሪት መጫርም ሆነ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ የስኳር ድብልቁን አይለይም። ይልቅ የማር እንጀራው ያለበትን ማር መግዛት ወይም ከሚያውቁት አናቢ መውሰድ ይሻላል።

ነጭ ማር ለጠጅ ማዋል ገንዘብ ማባከን ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ለስላሳ መዓዛውንም ጌሾው ይሸፍነዋል። ለጠጅ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ማር ይበልጣል፤ ነጩን ለቁርስና ለብርዝ ያስቀምጡት።

ጉዞ የሚወድ ሰው ማሩን ከአገሩ ሄዶ ቢገዛ ደስታው እጥፍ ነው። አደይ አበባ ከረገፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በብዙ የደጋ አካባቢ ማር ይቆረጣል። ያን ጊዜ ዝናቡ አልፏል፣ መንገዱም ደርቋል። ለምሳሌ ላስታ በማሩ ይታወቃል። ትውፊቱም ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይላል። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአዲስ አበባ ሰው ብዙም አይከብደውም። ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚመጣ ዘመድ ግን የመጀመሪያውን ቀን ዐርፎ ቢውል ይሻለዋል። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ለመጨረስ አይጣደፉ፤ ደረጃዎቹ ተፈልፍለው የወጡ፣ ወጣ ገባና መደገፊያ የሌላቸው ናቸው። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ፣ ለጨለማው መተላለፊያ ትንሽ ባትሪ፣ ጉልበት ለሚያምም ደግሞ ምርኩዝ ይያዙ። የቅዳሜ ገበያውን ታሳቢ አድርገው ቀኑን ይቁረጡ፤ የመንገዱን ደኅንነት ደግሞ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። ማር በአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ሊከለከል ስለሚችል ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ፣ ሁለት ጣት ያህል ጎደል አድርገው፣ በላስቲክ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ይክተቱት።

ዕቃውና ቦታው

ለ8.5 ሊትር ድብልቅ 12 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል፤ አረፋ ስለሚነሳ እስከ አፉ አይሞላም። እንስራ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ዕቃ ወይም ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ ባልዲ ይሆናል። ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ሽታው ጠጁ ላይ ይወጣል። አሉሚኒየምም አይሁን፤ የጠጁ አሲድ ይበላዋል።

እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ሲበዛ ጠጁ የጭስ ጣዕም ብቻ ይሆናል። መስታወትና ፕላስቲክ አይታጠኑም፤ በሙቅ ውሃ ታጥበው ይደርቃሉ።

አሁን ወገብ የሚያድን ምክር፦ ዕቃውን ባዶውን እያለ እስከ መጨረሻው በሚቆይበት ቦታ፣ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ውሃውን በጆግ እያመላለሱ እዚያው ይበርዙት። ከሞላ በኋላ ዐሥር ኪሎ ያልፋል። በመጨረሻም ማንሳት አያስፈልግም፤ ጠጁ በንጹሕ የላስቲክ ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ቦታው ፀሐይ የማያገኘው፣ ግን የሚሞቅ የቤት ጥግ ይሁን።

አጣጣሉ

1ኛ ቀን። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ ክሎሪኑ እርሾውን ያዳክማል። ማሩን በለብታ ውሃ በእንጨት ማንኪያ ይበርዙ። ውሃው እጅ የማያቃጥል መሆን አለበት። ከሥር ማር እንዳይቀር እስኪጠፋ ያማስሉ፣ አፉን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይሰሩ። ክዳን ገና ነው፤ እርሾው መጀመሪያ ላይ አየር ይፈልጋል።

እስከ 3ኛው ቀን ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጊዜ ያማስሉት። ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ እየገፈፉ ያውጡት። ጥቃቅን አረፋ ሲታይና ጆሮ ሲጠጉ ሲንሾካሾክ ጥሩ ምልክት ነው።

3ኛ ወይም 4ኛ ቀን ጌሾው ይገባል። ለጠጅ እንጨቱ እንጂ ቅጠሉ አይመረጥም፤ ቅጠሉ ለጠላ ይሻላል። የተፈለጠውን እንጨት ከአቧራው አለቅልቀው አንድ እፍኝ ለብቻ ያስቀሩ። የቀረውን ከዕቃው በተቀዳ አንድ ሊትር ብርዝ ለ15 ደቂቃ ያፍሉት፣ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ከነእንጨቱ ይመልሱት። ያልፈላውንም እፍኝ ይጨምሩበት፤ ላዩ ላይ ያለው እርሾ ያግዛል። ብዙ ሰው ትኩሱን ይመልስና ከዚያ በኋላ ለምን እንደቆመ ይጠይቃል፤ ሙቀቱ የነበረውን እርሾ ገድሎታል።

እስከ 12ኛው ቀን በቀን አንድ ጊዜ ያማስሉ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮም በማንኪያ ይቅመሱ። ምሬቱ ለአፍዎ የሚበቃ ሲሆን፣ 12ኛው ቀን ባይደርስም፣ ጌሾውን ያውጡ። ሰው ሲጠመድ ጌሾውን ሦስት ሳምንት ይተወዋል፤ ያን ምሬት በኋላ ማር በመጨመር ማስተካከል አይቻልም፣ አዲሱ ማር እንደገና ይብላላና ምሬቱ ይቀራል።

ከጌሾው መውጣት በኋላ ማማሰል ይቆማል። አሁን አየር ጠላት ነው፤ ክዳኑን ይግጠሙ፣ ግን አያጥብቁት። የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ካጣ መስታወት ይሰብራል። ጠጁ እስከ 24ኛው ቀን ድረስ ይረጋጋል፣ ዝቃጩም ይሰፍራል። ከዚያ ቱቦውን ከዝቃጩ በላይ ይዘው ወደ ሌላ ዕቃ ያውርዱትና በታጠፈ ነጭ ጨርቅ ያጥልሉት። ቱቦውን በአፍ መሳብ የድሮ ልማድ ነው፤ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ በጣት ይዞ መልቀቅ ይሻላል።

የቀረው ሳምንት በማቀዝቀዣ ነው። አንዱን ጠርሙስ የፕላስቲክ ያድርጉትና በየቀኑ ጨምቀው ይዩት። ሲጠነክር የሁሉንም ክዳን ላላ አድርገው ጋዙን ያስወጡ።

ሲበላሽ

በ3ኛው ቀን ምንም አረፋ ከሌለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቅዝቃዜ ነው። ዕቃውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፣ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ያም ካልሆነ ከጥሩ ጠጅ ዝቃጭ አንድ ብርጭቆ ይጨምሩ። የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ አየር በዝቶበታል ወይም ትንኝ ገብቶበታል፤ ትንኟ የሚያኮመጥጠውን ባክቴሪያ በእግሯ ይዛ ትመጣለች። ከኮመጠጠ በኋላ መመለሻ የለውም፣ ለሰላጣ ግን ይሆናል። ላዩ ላይ ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ፀጉራም ሻጋታ ካበቀለ ገፎ መጠጣት አይገባም፣ ሙሉውን ይድፉት። ደመናማ መሆኑ ግን ጥፋት አይደለም፤ የቤት ጠጅ ጥርት ብሎ አይጠራም።

ግብዣው

ምሳ ከእራት ይሻላል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ጠርተው 11 ሰዓት ላይ ቢሸኙ ማንም በጨለማ ደረጃ አይወርድም። የቤት ጠጅ ኃይሉ ከቢራ ይልቅ ወደ ወይን የሚጠጋ ሲሆን ጣፋጭነቱ ይሸፍነዋል፤ ተቀምጦ ሳይታወቅ ሲነሱ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ሰው ሳይበላ አይቀዳ፣ ከእያንዳንዱ ብርሌ ጎን ውሃ ይቅረብ፣ መኪና የሚነዳ ካለም አስቀድሞ ይታወቅ።

በዚህ ዕድሜ መድኃኒት የማይወስድ እንግዳ ጥቂት ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን፣ ዋርፋሪን፣ የእንቅልፍ መድኃኒትና ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይስማሙም። በሰው ፊት «ምን ትወስዳለህ?» ማለት አይመችም፤ ሲጠሩ በስልክ «ብርዝም አለ፣ ጠጅም አለ፣ የቱን ላዘጋጅልዎ?» ቢሉ ሁሉም ሳያፍር ይመርጣል። ብርዝ ራሱም ማር መሆኑን ግን ስኳር ያለበት ሰው ይወቀው፤ ለእሱ ሻይ ወይም ቡና ያለ ስኳር ይዘጋጅ።

ብርዙ አንድ እጅ ማር ለስድስት እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ጠዋት በርዘው በማቀዝቀዣ ያቆዩት። ከትናንት ወዲያ የተበረዘ ብርዝ ሙቀት ካገኘ መብላላት ይጀምራል፤ አልኮል ለማይቀምሱ ሙስሊም ወዳጆች ያን ማቅረብ ነውር ነው። ዕቃውም ጠጅ ያልነካው ይሁን።

ምግቡን አያብዙ። በደንብ የበሰለ ዶሮ ወጥ ወይም ምንቸት አብሽ፣ አይብና ጎመን ለጥርስ አያስቸግሩም። ቀኑ ጾም ከሆነ ሽሮና አልጫ ክክ ይተኩታል። ዝቅተኛ በርጩማ ያምራል እንጂ ጉልበት ለሚያመው ሰው መነሻ የለውም፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ያዘጋጁ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ጆሮው የደከመ ሰው ሁለት ድምፅ ሲደራረብበት ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ደግሞ የተኮራረፈ ይመስላል።

አገር ቤት ላልሆኑ

አሜሪካ ውስጥ የደረቀ የእንጨት ጌሾ ከሐበሻ መደብሮች ይገኛል። የፌዴራሉ ሕግ ለራስ ፍጆታ በዓመት ለአንድ አዋቂ እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ወይን መሰል መጠጥ መሥራትን ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። በክረምት ዕቃውን ከማሞቂያው አጠገብ ሳይሆን በዚያው ክፍል ያስቀምጡት፤ አንዱ ጎኑ ብቻ እንዳይግል። በሳዑዲና በኩዌት አልኮል መሥራት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እዚያ የሚቀርበው ብርዝ ብቻ ነው።

ብርሌው አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም። አንድ ማንኪያ ደቃቅ ያልሆነ ጨውና ትንሽ ለብታ ውሃ ጨምረው አፉን በመዳፍ ይዘው ይነቅንቁት፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት። በሳሙና ከታጠበ ሽታው ይቀርበታል። ጠጁ ሳይኮመጥጥ ከወጣ ከሥሩ ከቀረው ዝቃጭ አንድ ብርጭቆ በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚጣለው ጠጅ ጥንስስ ይሆናል። በማስታወሻ ደብተርም ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ጌሾው በስንተኛው ቀን እንደወጣ፣ ማን ስንት ብርሌ እንደጠጣ ይጻፉ።