ራስ እያመመ መለኪያው ዜሮ ካለ፦ ለፓርኪንግ ሠራተኞች

ዋሽንግተንና አካባቢው፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ሺፍቱ ሲጋመስ ራሳችሁን ይወቅራችኋል፣ ያቅለሸልሻችኋል፤ ውጭ ወጥታችሁ ትንሽ ስትቆዩ ቀለል ይላል፤ በዕረፍት ቀን ደግሞ ምንም የለም። «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ጠርጥሩ የምላችሁ ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይለኩት አይታወቅም። አለካኩ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

«ሒሳብ የምንቀበልበት ቡዝ ውስጥ የሰቀልነው አላርም ጮሆ አያውቅም።» የቤት አላርም ነዋ! እሱ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ይህ ጋዝ ሲሆን) ላይ እንኳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዝም ይላል፣ እስከ 4 ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ለ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ የፈቀደው ግን 50 ነው፤ ናዮሽ የሚባለው የምርምር ተቋም ደግሞ ከ35 አይለፍ ይላል። ልብስ ላይ የሚሰካ፣ ትንሹንም ቁጥር የሚያሳይ የሥራ መለኪያ ያዙ።

«እሱንም ሰካሁት፣ ያው ዜሮ ነው።» የት ቆመህ ነው ያበራኸው? እኔ ለሳምንታት ታች ሎከሩ ጋ ነበር የማበራው። አንዳንዱ መለኪያ ሲበራ ያለበትን አየር ንጹህ ነው ብሎ ዜሮ ያደርገዋል፤ እዚያ 20 ካለ ቀኑን ሙሉ 20 እየቀነሰ ያሳይሃል። አሁን መንገድ ላይ ወጥቼ፣ ከመኪና ርቄ ነው የማበራው። ጃኬት ሥር ወይም ኪስ ውስጥም አይሆንም፤ አንገትጌ ላይ፣ ከአፍንጫ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይሰካ። ሴንሰሩም ያረጃል፣ የማብቂያ ቀኑን እዩ።

መኪና በሌለበት ቁጥሩ ብድግ ካለ፣ የእጅ ሳኒታይዘር ሊሆን ይችላል። አልኮል ያሳስተዋል።

«ክሊኒክ ሄጄ ደህና ነህ ተባልኩ።» ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ ሰውዬው ተመርዞም 98 ሊል ይችላል። የካርቦክሲሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ የገባውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ) የደም ምርመራ በስሙ ጠይቁ፣ ያውም በዚያው ቀን፤ ንጹህ አየር ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ግማሹ ከደም ይወጣል፣ ስለዚህ ነገ ብትሄዱ ላይገኝ ይችላል። ግራ የተጋባ ወይም የወደቀ ሰው ካለ ግን ቶሎ ወደ ውጭ፣ 911 ደውሉ።

«አለቃዬ የአንተ መለኪያ አይታመንም አለኝ።» ቁጥር ብቻውን ይዛችሁ አትሂዱ። የኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከሰዓት 5:40፣ መውጫው ራምፕ፣ 14 መኪና ተሰልፏል፣ ፋኑ ጠፍቷል፣ 62»። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ሲደጋገም ፋኑ ለምን ጠፋ ብሎ ለመጠየቅ ይመቻል። መልስ ካጣችሁ ሦስት ሆናችሁ ፈርሙና ናዮሽ መጥቶ እንዲያይ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም፣ ስማችንን ለአሠሪው አትንገሩብን ማለትም ይቻላል።