ደሴ እምቢ ብሎ ኮምቦልቻ የተነሳው አውሮፕላን

ከፎም በእጄ የሠራሁት፣ በሪሞት የሚበር የመጀመሪያው አውሮፕላኔ 1,150 ግራም ይመዝን ነበር። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ወስጄ ወረወርኩት። ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ዝቅ ብሎ ሄደና ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ደግሜ ወረወርኩት፤ ደግሞ ቁጭ። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ ጭነት በዛበት እንዴ?" አለኝ። ተቆጣሁት። ልጁ ግን ልክ ነበር።

በሳምንቱ ለሥራ ኮምቦልቻ ስወርድ ይዤው ሄድኩ። ያው አውሮፕላን፣ ያው ባትሪ። ከከተማው ራቅ ብሎ አንድ የታጨደ ማሳ ላይ ወረወርኩት፤ ተንገዳግዶ ተነሳ! ደስታዬ ከሁለት ደቂቃ አላለፈም፣ ግራር ላይ ተሰቀለ። ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቦሩ ሜዳ ከዚያም ከፍ ይላል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ22 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ በ17 በመቶ ያህል። አየር ሲሳሳ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት፤ ደሴ ላይ 13 በመቶ ያህል። ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። እኔ ልኬቱን የወሰድኩት ዩቲዩብ ላይ ካየሁት ሰው ነበር፣ ከኋላው ባሕር ይታያል።

ስለዚህ ደጋ ላይ ለምትሠሩ ሰዎች የመጀመሪያው መሣሪያ ሚዛን ነው። ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። የእኛ ቤቱ ሚዛን ወደ ሱቄ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ባለቤቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። አሁን የምነግራችሁ ሁለተኛውን አውሮፕላኔን ነው። ክንፉ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከነባትሪው 640 ግራም ነው። እንዲህ አስቡት፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት የክንፍ ቁራጭ ከ27 ግራም በላይ አትሸከምም። የመጀመሪያው ላይ ያቺው ቁራጭ ከ60 ግራም በላይ ተሸክማ ነበር፤ ክንፉም አጭር ነበር፣ ዕቃውም ብዙ።

ፎሙን በተመለከተ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ስለምጠግን የካርቶን ፎም አይጠፋኝም። ግን ያ እንደ ፈንዲሻ የሚበታተነው ነጭ ፎም ለአፍንጫ መሙያ እንጂ ለክንፍ አይሆንም። ለክንፍና ለአካል የሚሻለው ተማሪዎች የቤት ሞዴል የሚሠሩበት፣ ሁለት በኩል ወረቀት የተለጠፈበት የ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ ነው። ከአንዱ ገጽ ላይ ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ ላጡት። ይሄ ብቻ ብዙ ግራም ይቀንሳል።

ክንፉን ጠፍጣፋ ቁረጡና ከላይ በኩል፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ግማሹ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ ሁለተኛ ንብርብር ለጥፉበት። ላዩ ላይ ደረጃ ይሠራል። ሰው ሲያየው ያላለቀ ይመስለዋል፤ ግን በደንብ ይበራል፣ ለመሥራትም አያስቸግርም። የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት። ለአከርካሪው ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቃችሁ በሁለቱ ንብርብር መካከል ቅበሩ። ሸምበቆ ቀላል ነው፣ ውስጡም ክፍት፤ በገንዘብ ከሚመጣ የካርበን ዘንግ ብዙ አያንስም። የደረቀ ይሁን እንጂ። እርጥቡን ቀብሬ በሳምንቱ ክንፌ እንደ ሙዝ ጎብጧል።

አሁን ክንፉን መሃል ላይ ቁረጡትና ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ የሌላውን ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አጣብቁ። ይህ ጎባጣ እንዲሁ ለውበት አይደለም። ክንፉ ላይ መቆጣጠሪያ አናደርግም፤ የምንጠመዝዘው በጅራቱ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሲያጋድል በራሱ የሚቃናው በዚህ ጎባጣ ነው። መገጣጠሚያውን በ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አጠናክሩት፤ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ሙጫ ላይ ተጠንቀቁ። ሱፐር ግሉ እና የጫማ ማስቲሽ ፎሙን ይበሉታል፣ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ነጩ የእንጨት ኮላ ጥሩ ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ መድረቅ ይፈልጋል። እስኪደርቅ በስቴኪኒ ወግታችሁ ያዙት። ለችኮላ በሽጉጥ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ሙጫ አለ፤ ይከብዳልና በጠብታ ይሁን።

አካሉ 6 በ7 ሴንቲ ሜትር ሣጥን፣ ርዝመቱ 80 ነው። የጅራቱ ጠፍጣፋ ክንፍ 42 በ11፣ ከዚህ ውስጥ የኋላው 3.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው 15 ቁመት፣ 14 ስፋት። ማጠፊያው ፕላስተር ብቻ ነው። ከሰርቮ (ጅራቱን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ወደ ጅራት የሚገፋው ዘንግ ደግሞ ከተሰበረ ጃንጥላ ይወጣል፤ ደሴ ክረምት ላይ የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ክንፉን ከአካሉ ጋር አታጣብቁት። ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጭን ላስቲክ ቁረጡና እሰሩት። ሲወድቅ ተፈናጥሮ ይወጣል እንጂ አይሰበርም።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ሞተሩ 2212 የሚባለው ብረሽ አልባ (የካርቦን ብሩሽ የሌለው) ነው፤ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የጥቅልል እምብርት ማለት ነው። 1000 ኬቪ ይሁን፤ ባዶውን ሲዞር በአንድ ቮልት 1,000 ዙር በደቂቃ ማለት ነው። ባለ 30 አምፔር ስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው)፣ ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮ፣ 10 በ4.7 ኢንች ፕሮፔለር፤ 10 የፕሮፔለሩ ርዝመት ነው፣ 4.7 በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚቀዝፈው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩን ላሳድገው ብዬ 11 ኢንች ሞክሬ ነበር። ሞተሩ እጅ የማያስነካ ሆነ። ስስ አየር ማቀዝቀዝም ያቅተዋል። መልሼ 10 አስገባሁ። መፍትሔው ከአውሮፕላኑ ላይ ግራም መቀነስ ነው፣ ሞተሩን ማስጨነቅ አይደለም።

ሞተሩን 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ስታስሩ በላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ላይ፣ በሞተሩና በኮምፔንሳቶው መካከል፣ አንዳንድ ሮንዴላ ጨምሩ፤ ወደ ታች ሦስት ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት በግራ በኩል ባሉትም ላይ እንዲሁ አድርጉ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ያያል። ያለዚህ ጋዝ በሰጣችሁ፣ ማለትም ሞተሩን ባፈጠናችሁ ቁጥር አፍንጫውን ሽቅብ ይሰቅላል፣ ወደ ግራም ይጎትታል።

ባትሪው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፣ ሦስት ሴል፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 180 ግራም ገደማ። የእኔን እህቴ ከጂዳ ስትመለስ ነው ያመጣችልኝ። በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ታች በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም። ሪሞቱንም ሆነ ባትሪውን ከማስመጣታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። "የተጣለ ላፕቶፕ ባትሪ ፈትቼ ብጠቀምስ?" የሚለኝ ብዙ ነው። ወዳጄ፣ እኔም ጠጋኝ ነኝ፣ አስቤዋለሁ። ይከብዳል፤ ሞተሩ የሚጠይቀውን አምፔር ሲጠየቅም ይግላል እንጂ አይሰጥም።

ሊፖ ቀልድ አያውቅም። ሙሉ ሲሆን በሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። 3.5 ሲደርስ አውርዱ። ለሳምንት የማትነኩት ከሆነ 3.8 ላይ አስቀምጡት። ሴሎቹን እያመጣጠነ በሚሞላ ቻርጀር፣ በ2.2 አምፔር ሙሉት። የእኔ ቦታ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ነው፣ በረንዳ ላይ፣ ከመጋረጃና ከካርቶን ርቆ። እሳት ቢነሳ ሸክላው አይቀጣጠልም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጀሩ ምን ላይ እንዳለ አይታወቅምና ሰክታችሁ ገበያ አትሂዱ። ያበጠ ባትሪ አይጠገንም፤ አለቀ።

ሪሞቱ ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሁን። የእኔ ስድስት ቻናል ያለው ፍላይስካይ ነው፤ የምንጠቀመው ሦስቱን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ ሥሩ። ይሄን ደግሜ እለዋለሁ፤ ጣቴ ላይ አራት ስፌት አለ። ፕሮፔለሩን ፍቱ።

ሪሲቨሩን፣ ማለትም አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን፣ ከሪሞቱ ጋር አስተዋውቁ። የሪሞቱን የጋዝ ዱላ እስከ ላይ አድርጋችሁ ባትሪውን ሰኩ፤ ድምፅ ሲያሰማ ወደ ታች መልሱት። ስፒድ ኮንትሮለሩ ልኩን የሚማረው በዚህ ነው። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ከሦስቱ ገመዶች ማናቸውንም ሁለት አቀያይሩ። ከዚያ ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ፦ የጅራቱን መቆጣጠሪያ ዱላ ወደ እናንተ ስትስቡ የጅራቱ ጠርዝ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ስትገፉ የቆመው ወደ ቀኝ። የተገላበጠ መቆጣጠሪያ ብዙ አውሮፕላን ጨርሷል። የከፍ ዝቅ እንቅስቃሴው 12 ሚሊ ሜትር፣ የግራ ቀኙ 25 ይብቃው። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ እንዲቆም አድርጉ፤ አጥፍታችሁም ሞክሩት።

አሁን ሚዛን፣ የክብደቱ ሳይሆን የመሃሉ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ለክታችሁ በሁለቱም በኩል ምልክት አድርጉ። በሁለት ጣት ከሥር አንሱት። ቀጥ ብሎ ወይም አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ብሎ መቆም አለበት። ጅራቱ ከወረደ ጨርሶ አትወርውሩት፤ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ። እርሳስ እንዳትጨምሩበት! ያን ሁሉ ግራም የቀነስነው ለእርሳስ ቦታ ለመስጠት አይደለም።

የት ይበራል? እኔ አሁንም ቦሩ ሜዳ ነኝ። በ1870 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የተሰበሰበበት ሜዳ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ከቻለ ለአንድ ፎም አያንስም። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ቀበሌውንም፣ የጸጥታውንም። ይሄ ለወግ ያህል የምለው አይደለም። ባሳለፍናቸው ዓመታት ወሎ ውስጥ ከሰማይ የሚመጣ እንዲህ ያለ ድምፅ ለሰው ጨዋታ አልነበረም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከብቶቻቸውን ትተው ሲሮጡ አይቼ ሞተሩን አጥፍቼ አወረድኩት። ሄጄ እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። "ይሄ ነው እንዴ? አይ ልጄ!" አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ለእረኞቹ ሳላሳይ አላበርም። ኮምቦልቻ የምትሆኑ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጨርሶ ራቁ።

ጊዜው ከጥቅምት በኋላ፣ አዝመራው ሲነሳ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ግን የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ ሊፖም ብርድ አይወድም፣ ይደክማል። እስክትሰኩት ብብታችሁ ሥር ያዙት።

ወርዋሪው ሌላ ሰው ይሁን፣ እናንተ ሪሞቱን ያዙ። ፊቱን ወደ ነፋስ፣ ሙሉ ጋዝ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ሽቅብ ይወረውር ነበር፤ ሽቅብ ሄዶ ፍጥነት ያጣ ክንፍ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። ከተነሳ በኋላ አትቸኩሉ፣ ከፍ ይበል። ወደ እናንተ ሲመጣ ግራ ቀኙ ይገላበጣል። ያን ጊዜ ዱላውን ወደ ዘቀዘቀው ክንፍ ግፉ፣ ይቃናል። ስታወርዱ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ከምታዩት ፈጠን ብሎ ይመጣል፤ አብሽሩ፣ የአየራችን ነገር ነው። ለማዘግየት ብላችሁ አፍንጫውን ካነሳችሁት ይከዳችኋል። ጋዙን ቀንሳችሁ በራሱ ይውረድ፣ መጨረሻዋ ላይ ብቻ ትንሽ ሳብ።

ከጠገናችሁት በኋላ ሁልጊዜ መልሳችሁ መዝኑት። ሙጫና ፕላስተር ሳይታወቅ ይከማቻል። የእኔ በ640 ጀምሮ አሁን 702 ደርሷል። 720 ሲሆን ይሄን ክንፍ ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ አዲስ እቆርጣለሁ፤ እሱ ግን ከአሁኑ ሚዛኑን ደብቆብኛል።