«ሚስቴን አግዛታለሁ» እና ሌሎች ወንዶች የምንሠራቸው ስህተቶች

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። በእኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ ነው፤ ያውም ሌሊት። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ጠዋት ሁለታችንም የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። ከዚህ በታች የጻፍኳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«አግዛታለሁ» ማለት

ለዓመታት በዚህ ቃል እኮራ ነበር። ሽንኩርት ክተፍ ስትለኝ እከትፋለሁ። ልጆቹን እጠብ ስትለኝ አጥባለሁ። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ሳይ፣ እሷ ጀሪካን ደርድራ ቧንቧው ሥር ቆማለች። «ምነው አልቀሰቀስሽኝም?» አልኳት። «አንተን ለመቀስቀስም መጀመሪያ እኔ መንቃት አለብኝ» አለችኝ።

ለካ ውሃው መጣ አልመጣ እያለች በእንቅልፏም ታዳምጥ ነበር። የልጆቹን የክትባት ቀን፣ የጤፉን ማለቅ፣ የማኅበሩን ተራ የምታስበውም እሷ ናት። እኔ ትእዛዝ ጠባቂ ነበርኩ። የሚያግዝ ሰው ሥራው የሌላ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ስለዚህ አንድን ሥራ ከነሐሳቡ ውሰዱ። እኛ ቤት ውሃ የእኔ ሆነ፤ ማዳመጡም፣ መቅዳቱም፣ ሮቶውን ማጠቡም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቴ አመለጠኝና ውሃ ገዛን። ቢሆንም ሥራውን መልሳ አልወሰደችም። ባለመውሰዷ ጥሩ አደረገች፤ እሷ እየሸፈነችልኝ ቢሆን ኖሮ መቼም አልማርም ነበር።

የአባትነት ፈቃድን መተው

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ሦስት ቀን ትንሽ ነው። እሱንም «ምን ይሉኛል» ብለው የማይጠይቁ ወንዶች አውቃለሁ። ጠይቁ።

እኩልነትን «የፈረንጅ ነገር» ማለት

ይህን በእድር ድንኳን ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደረገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ደግሞ ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ናቸው። በሰሜኑ ደጋ ሴት ልጅ ከወላጆቿ ርስት የምትካፈልበት ልማድ ከዚያ በፊትም ነበረን። የበላይነቱን ያነሳው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት አላቸው ይላል። የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጎታል።

«የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም ማለት

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው። ዱላው ይሰማል። በ2008 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሳነብ «ቻይው» የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። ከእናት፣ ከሽማግሌ፣ ከጎረቤት ስንት ጊዜ ቢነገራት ነው ዱላው ልክ የመሰላት?

ሲሰማችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሩን አንኳኩ። «ጀሪካን አውሱን» ማለትም ይበቃል፤ እጁን ያስቆመዋል። ነገሩ ከከፋ ፖሊስ ጥሩ። የትዳር ጓደኛን መምታት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። በኋላ ደግሞ እሷን ለብቻዋ አናግሯት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ ንገሯት። «ቻይው» ግን አትበሏት።

ወንድ ልጅን ከማጀት ማባረር

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ሲባል ነው ያደግነው። ድስት የነካ ወንድ ልጅ ሴታሴት ይባላል። ያለቀሰም እንዲሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ተመትቶ ሦስት ቀን ደብቆኛል። ለምን ስለው «ወንድ አያለቅስም ብለኸኛል» አለኝ። ብዬው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትንሿን ጀሪካን ይዞ ከኋላዬ ደረጃውን ይወጣል። ባለፈው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት «እህትህ የት ሄዳ ነው አንተ የምትሸከመው?» አሉት። «እያጠናች ነው፤ ፈተና አለባት» ብሏቸው አለፈ።