ከጎንደር ተነስቶ የሰሜን ተራሮችን በአንድ ቀን በግል አስጎብኚ እንዴት መጎብኘት ይቻላል

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሌሊት ከተነሱ ቀን ውሎ ማታ ጎንደር ገብቶ ማደር ይቻላል። ቀኑ የሚበቃው ግን ምርጫችሁን ካሳነሳችሁ ብቻ ነው። ጭላዳውንም፣ ፏፏቴውንም፣ ዋልያውንም፣ የብዋሂት ተራራን ከፍታም በአንድ ቀን እናያለን ያለ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ መንገዳችሁን ምረጡ

ሁለት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ፣ ከዚያ የገደሉን አፋፍ ይዞ በእግር ወደ ሳንቃበር ካምፕ አቅጣጫ፣ በመጨረሻም ወደ ጅንባር ፏፏቴ የሚወስደው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎችን፣ ገደሉንና ፏፏቴውን ታዩበታላችሁ፤ ከፍታው 3,250 ሜትር አካባቢ ስለሆነም ለአብዛኛው ሰው አይከብድም።

ሁለተኛው ሳንቃበርን አልፎ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ እስካለው ጨነቅ ካምፕ ይዘልቃል። ወደዚያ የሚኬደው ዋልያን ፍለጋ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ስለሆነ ጉጉቱ ይገባል፤ ነገር ግን እንስሳው በደንብ የሚታየው በማለዳና ወደ ማታ ነው። ከጎንደር ተነስቶ ጨነቅ የሚደርስ መኪና የሚገባው ረፋዱ ላይ፣ ዋልያው ከገደሉ ጥላ ውስጥ ሲያርፍ ነው። ዋልያን የግድ ማየት የሚፈልግ ሰው ማታውኑ ደባርቅ ገብቶ ቢያድር ይሻለዋል። ከጎንደር ደርሶ ለሚመለስ የመጀመሪያውን መንገድ እንመክራለን። ከዚህ በታች ያለውም እሱን የተከተለ ነው።

ወቅቱ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ዝናቡ አቁሟል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ጅንባርም ውኃው ሙሉ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ማለዳው ግን ውርጭ ነው፤ ፏፏቴውም እየቀጠነ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም አፋፉን ሙሉ ቀን ሊሸፍነው ስለሚችል አስተማማኝ አይደለም።

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስለምትሞላ መኪናም አስጎብኚም ይጠፋል። በዚያ ሳምንት ለመሄድ ካሰባችሁ ከአንድ ወር በፊት ተነጋገሩ።

ከአስጎብኚው ጋር ስትስማሙ

ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ «ሁሉን ያካተተ ነው» ከሚለው ቃል ነው። ለአንዱ ሁሉ ማለት መኪናና ነዳጅ ነው፤ ለሌላው መግቢያውና ምሳው ጭምር ነው። ስለዚህ ዋጋውን በየስሙ አስዘርዝሩ፦ መኪናው፣ ነዳጁ፣ የሾፌሩ አበል፣ የአስጎብኚው ክፍያ፣ የስካውቱ (የፓርኩ የታጠቀ ጠባቂ) ክፍያ፣ የሰው መግቢያ፣ የመኪና መግቢያ፣ ምግብና ውኃ። ከዚያ የተስማማችሁበትን በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ አስቀሩት። በቃል ብቻ የተዘጋ ውል ደባርቅ ሲደርስ ይከፈታል።

ሦስት ነገር ደግሞ ሳትጠይቁ አትለፉ። አስጎብኚው ፓርኩ ውስጥ ለማስጎብኘት ፈቃድ አለው ወይ? የከተማ አስጎብኚ ብቻ ከሆነ ደባርቅ ላይ ሌላ ትቀጥሩና ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። የሚመጣው መኪና የታየው ራሱ ነው ወይ? የሰሌዳ ቁጥሩን ተቀበሉ። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዞራል? ቀብድ ስትሰጡ ከጠቅላላው ሲሶ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ቀሪው ጉዞው ሲያልቅ ይከፈላል።

የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ቢያንስ ሁለት ሰው ጠይቁ፤ አንዱ ደባርቅ ያለ፣ ሌላው መንገዱን ዘወትር የሚመላለስ ሾፌር ይሁን። መልሳቸው ካልገጠመ ጉዞውን አስተላልፉት።

መኪናውና ስንቁ

እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጠጠርና ኮረኮንች ነው። በበጋ ጠንካራ ሚኒባስ ሳንቃበር ይደርሳል፤ በክረምት ግን በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ያስፈልጋል፤ ጭቃው ሲያሟልጭ ጠርዙ ገደል ነውና። ሌሊት ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርታ ጎማው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ነዳጁን ማታውኑ ጎንደር ላይ አስሞሉ፤ ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም።

ምግብ ለራሳችሁ ብቻ አትቁጠሩ። ሾፌሩ፣ አስጎብኚውና ስካውቱ አብረዋችሁ ስለሚውሉ ስንቁ በእነሱ ቁጥር ይታሰብ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ ምሳው የጾም እንዲሆን ማታውኑ ተናገሩ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ አይበላሽም፣ መንገድ ላይም አይደፋም። ውኃ ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ያዙ።

ልብስ ተደራራቢ ይሁን። ሌሊት ስትነሱ ጋቢ፣ አፋፉ ላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሸሚዝ ብቻ። ብርድ ስላለ ፀሐዩ አያቃጥልም ብሎ መዘናጋት ስህተት ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ጨረሩ ይበረታል። ሰፊ ኮፍያና የከንፈር ቅባት አትርሱ። ጫማው ሶሉ ያላለቀ ይሁን፤ ጤዛ ያረፈበት ሣር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፦ መነሳት

ከዚህ ሰዓት ማለፍ የሌለበት ምክንያት ጉሙ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ከቆላው የሚነሳው አየር ገደሉን ታኮ ይወጣና ይቀዘቅዛል፤ ወደ ስድስትና ሰባት ሰዓት ገደማ አፋፉን ሊሸፍነው ይችላል። አርፍዶ የደረሰ ሰው ከነጭ ግድግዳ በቀር ምንም ሳያይ ይመለሳል።

ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ቁርስ እየቀረበ አስጎብኚው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይሂድ። እዚያ መግቢያው ይከፈላል፣ ስካውቱም ይመደባል። መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ለኢትዮጵያዊ ያለው መግቢያ ከውጭ ዜጋው በጣም ያነሰ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ኔትወርክ ከጠፋ በስልክ መክፈል አይቻልም። ደረሰኙን ተቀብላችሁ እስክትወጡ አትጣሉት። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ። መጸዳጃም እዚሁ ተጠቀሙ።

መሣሪያ የያዘው ስካውት ከጎብኚ ጋር መሄዱ ግዴታ ነው። አማርኛ ለሚናገር ጎብኚ ስካውቱ ትልቅ ሀብት ነው፤ የውጭ እንግዶች በምልክት የሚያወሩትን ሰው እናንተ በአፉ ቋንቋ ትጠይቁታላችሁ። አብዛኞቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በዕድሜ ከገፉ «አባባ»፣ ካልሆነም «ጋሼ» ብላችሁ ስለ ጓሳው ሣር፣ ስለ አስታው ዛፍ፣ ጭላዳው ዛሬ የት እንዳደረ ጠይቁ።

ሦስት ሰዓት፦ ቡይት ራስ ላይ ከጭላዳዎች ጋር

ጭላዳዎች ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል እርከን ላይ ያድራሉ። ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይግጣሉ፤ ወደ ማታም ተመልሰው ይወርዳሉ። ዋና ምግባቸው ሣር ነው። እጃቸውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን እየለቀሙ መዳፋቸው ውስጥ ያጠራቅሙና አንድ ጭብጥ ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልካሉ፤ ልክ ሴት ምስር ስትለቅም እንደምታደርገው። ተቀምጠው እየበሉ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሌላው ዝንጀሮ ይለያቸዋል።

በቀጥታ አትሂዱባቸው። ጎን ለጎን ቀረብ ብላችሁ ቁጭ በሉና ጠብቁ፤ መንጋው ራሱ እየጋጠ ይደርስባችኋል። አንዱ ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ እየፎከረ ነውና ዓይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ አፈግፍጉ። በመንጋውና በገደሉ መካከል በፍጹም አትቁሙ፤ ሲደነግጡ የሚሸሹት ወደ ገደሉ ነው። ምግብ አትስጡ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ሣሩን ትቶ መኪና ጥበቃ ይውላል፤ ያኔ ልጅ ይቧጭራል። ምሳ ስትበሉም ወፍራም ምንቃር ያለውን ቁራ ተጠንቀቁ፤ ዞር ካላችሁ ይነጥቃል።

ከዚያ ሾፌሩ መኪናውን ወደ ፊት ወስዶ ይጠብቃችሁ፤ እናንተ አፋፉን ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሂዱ። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሜትር ገባ በሉ። ሣሩ ጠርዙን አልፎ ስለሚያድግ ምድር የመሰላችሁ ቦታ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ስትነሱ ወደ ኋላ አትራመዱ።

ድንጋዩን ማንበብ

ይህ ሁሉ ተራራ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የወጣው አለት እየፈሰሰ፣ እየረጋ፣ በላዩ ሌላ እየፈሰሰ ተከመረ፤ በኋላ ዝናብና ወንዝ ቆራርጠው ገደልና አምባ አደረጉት። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ፊት ለፊት ያለውን ገደል ስታዩ ጥቁርና ቡናማ መደቡ ተራ በተራ ይታያል፤ እያንዳንዱ እርከን አንድ ወይም ብዙ ፍሳሽ ነው። ከታች ለብቻቸው የቆሙት አምባዎች ያልተሸረሸሩት ቅሪቶች ናቸው።

መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ አንስታችሁ እዩ። እንደ እንጀራ ዓይን ያለው ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዓይን ያወጡት ጋዝ ሊያመልጥ ሲል ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ዓይኑ በነጭ ማዕድን ተሞልቷል፤ ኋላ በስንጥቁ የገባ ውኃ ያስቀመጠው ነው። ካያችሁት በኋላ መልሱት፤ ከፓርኩ ድንጋይም ተክልም አይወሰድም።

በመንገዳችሁ ላይ ጦስኝ ከረገጣችሁ ሽታው ከእግራችሁ ሥር ይወጣል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ደግሞ ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ስለዚህ ለፎቶ ብሎ ግንዱን ማወዛወዝ አይገባም። ሰማይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍ ትልቅ ወፍ ካያችሁ አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ጢማሙ ጥንብ አንሳ ሊሆን ይችላል።

ስድስት ሰዓት፦ ጅንባርና ምሳ

ጅንባር ከሳንቃበር ትንሽ አለፍ ይላል። ከመኪና ወርዳችሁ በአስታ ዛፎች መካከል አጭር መንገድ ትሄዳላችሁ፤ መጨረሻው ላይ መመልከቻው ጠባብ ስለሆነ ተራ በተራ ግቡ። ውኃው ወደ 500 ሜትር ይወረወራል። ከመጋቢት በኋላ ከሄዳችሁ ቀጭን ክር ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አስጎብኚውን ቀድማችሁ ብትጠይቁ ጊዜያችሁን በአፋፉ ላይ ታሳልፉታላችሁ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ከፍታው ነው። በ3,250 ሜትር ላይ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ መሄድና ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ይረዳል። ካልተሻለ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ እዚያው መቆየት አያድንም። ለነፍሰ ጡርና ለልብ ሕመምተኛ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ግድ ነው።

ስምንት ሰዓት፦ መመለስ

ከዚህ በላይ አትቆዩ። ከሳንቃበር እስከ ጎንደር ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲጨልም ደግሞ መንገዱ ላይ ከብት ይተኛል፣ መብራት የሌለው ጋሪም ይሄዳል። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ውጡ። ስካውቱን ደባርቅ ላይ ስታወርዱት ጉርሻውን ለራሱ በእጁ ስጡት፤ ጽሕፈት ቤት የተከፈለው የዕለት ክፍያው ነውና ከዚያ አይቀነስም።

ዳባት ስትደርሱ ቡና ጠጡ። እናንተ መኪናው ውስጥ አሸልባችሁ ይሆናል፤ ሾፌሩ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አልተኛም።