የረኔሳንስ ሥነ ጽሑፍ ሴሚናር፦ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ተማሪ ረኔሳንስ (የሼክስፒርን ጊዜ የሚያጠቃልለው የአውሮፓ የሥነ ጽሑፍ ዘመን) ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሳሳተው ሴሚናሩን እንደ ሌክቸር መቁጠሩ ነው። ሌክቸር ላይ ማስታወሻ መያዝ ይበቃል፤ ሴሚናር ላይ ግን ዝምታ ራሱ ነጥብ ያስቀንሳል። ከጽሑፉ ሁለት ቦታ አስምሮና አንድ ጥያቄ ይዞ መግባት ነው። «ጭብጡ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከሆነ ባይነሳ ይሻላል፤ «ይህ ቃል እዚህ ለምን ተደገመ?» የሚለው ግን ክፍሉን ሰዓት ሙሉ ያነጋግራል።

ሁለተኛው ቋንቋውን በመጽሐፍ ቅዱስ ጆሮ መስማት ነው። የድሮው እንግሊዝኛ «ዛው» (thou) በጸሎት ስለሚሰማ የአክብሮት ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ «ዛው» አንተና አንቺ ነው፣ «ዩ» (you) ደግሞ አንቱ። የሼክስፒርን ተውኔት የሃምሌትን ሦስተኛ ገቢር፣ አራተኛ ትዕይንት እንይ። ንግሥቲቱ ልጇን በ«ዛው» አባትህን ክፉኛ አስቀይመሃል ትለዋለች፤ የእንጀራ አባቱን ማለቷ ነው። እሱ በ«ዩ» አባቴን ክፉኛ ያስቀየሙት እርስዎ ነዎት ሲል ይመልሳል፤ የእሱ አባት ሟቹ ንጉሥ ነው። ይሄኔ እሷም ወደ «ዩ» ትዞራለች። የተቆጣች እናት ልጇን ድንገት አንቱ ስትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ለጎንደር ልጅ አይነገረውም! በዘመናዊ እንግሊዝኛ የቀለለውን ከኢንተርኔት ያነበበ ግን ሁሉም «ዩ» ስለሆነበት ሳያየው ያልፋል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ሃምሌት ታሪኩን ለማስያዝ ጥሩ ነው፤ ጥቅስ ግን ከእንግሊዝኛው ይወሰድ።

የቅኔ አገር ልጅ ደግሞ ሁሉን ሰምና ወርቅ ማድረግ ይወዳል። ቅኔ ወርቁን ከሰሙ ሥር ይደብቃል፤ ሶኔት (ባለ 14 ስንኝ ግጥም) ግን ብዙ ጊዜ ምን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ በግልጽ ተናግሮ ይከራከርበታል። ስለዚህ ክርክሩን መከተል ነው። 14ቱን ስንኞች መጀመሪያ በእርሳስ ይከፋፍሉ፦ የጣሊያናዊው ገጣሚ የፔትራርክ ዓይነቱ 8 እና 6፣ የሼክስፒር ዓይነቱ 4፣ 4፣ 4 እና 2። ሐሳቡ የሚታጠፈው አብዛኛውን ጊዜ 9ኛው ወይም 13ኛው ስንኝ ላይ ነው፤ ጥሩ አሳይመንት ከዚያ ይጀምራል።

አሳይመንቱ ራሱ የሚበላሸው በመግቢያው ነው። «ረኔሳንስ ማለት ዳግም ልደት ማለት ነው» ብሎ ገጽ የሚፈጅ፣ ቀጥሎም ታሪኩን የሚተርክ ወረቀት መምህሩ የሚያውቀውን መልሶ መንገር ነው። ከ20 ስንኝ በማይበልጥ ቦታ ላይ አምስት ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ በሙሉ ተውኔት ላይ አምስት ገጽ ግን ወሬ ይሆናል።

ኮፒ ቤት ያገኙትን እትም ዝም ብሎ መጥቀስም ያጋልጣል። ሃምሌት በ1603፣ በ1604 እና በ1623 የታተሙ ሦስት የተለያዩ ጥንታዊ ቅጂዎች አሉት። በአራተኛው ገቢር ሃምሌት የኖርዌዩን ልዑል የፎርቲንብራስን ጦር አይቶ ለብቻው የሚናገረው ረጅም ንግግር በ1604ቱ አለ፣ በ1623ቱ የለም። አንዱ የተከራከረበት ንግግር የሌላው መጽሐፍ ውስጥ ሲጠፋ ጭቅጭቅ ነው። የትኛውን እትም እንደያዙ ይጻፉ፤ በገጽ ሳይሆን በገቢር፣ በትዕይንትና በመስመር ቁጥር ይጥቀሱ።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛው ጋር አይቀላቀሉ። ዘመኑ የሚጠፋበት ሰው በፋሲል ግንብ ያስታውሰው፦ ሼክስፒር የሞተው በ1616 ነው፣ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረው በ1636።